ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ስላይዱንም ላኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የታመመ ከብት ደም ወደ ላቦራቶሪ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በአንዲት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ነው። ቱቦዋ ላይ የባለቤቱ ስምና «ላም» የሚል ቃል ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። የሚጠበቀውም መልስ አንድ ቁጥር ነው፦ ነጭ የደም ሴሏ ስንት ነው? በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 እስከ 12,000 ባለው ውስጥ ከወደቀ «ኢንፌክሽን የለባትም» ትባላለች፤ ካለፈ ኦክሲቴትራሳይክሊን ትወጋለች። ያ ቁጥር ብቻውን በቀንድ ከብት ላይ ያሳስታል። ስለዚህ ናሙና ለሚልኩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ አለን፤ ከቱቦው ጋር፣ እዚያው ከብቷ አጠገብ የተሠራ የደረቀ የደም ስላይድ፣ ማለትም ደም በስሱ የተቀባበት ብርጭቆ፣ ላኩልን።

የሰው ሐኪም ቤት ውጤት የለመደ ዓይን፣ ነጭ የደም ሴል በኢንፌክሽን ጊዜ ይጨምራል ብሎ ይጠብቃል። ውሻ ላይ ያስኬዳል። ማህፀኗ መግል የቋጠረ ውሻ ቁጥሯ ከ50,000 ሲያልፍ ማየት ብርቅ አይደለም፤ የውሻ መቅኔ ለቀናት የሚበቃ የበሰለ ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋ የነጭ ሴል ዓይነት) አከማችቶ ስለሚይዝ ሲፈለግ ጎተራውን ከፍቶ ይለቀዋል። የላም ጎተራ ግን ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ግቷ በኮላይ ባክቴሪያ ድንገት ሲያብጥ በደሟ ውስጥ የነበረው ኒውትሮፊል ወደ ግቱ ይነጉዳል፤ መቅኔው ምትክ አምርቶ እስኪልክ ቀናት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው የላሟ ነጭ ሴል አይጨምርም፣ ይቀንሳል፤ ከ4,000 በታችም ይወርዳል። ከዚያ መቅኔው ጥሬውን ሳይቀር እየላከ ቁጥሩን መልሶ ያነሳዋል። ሲወርድም ሆነ ሲወጣ «ደህና» በሚባለው ክልል ውስጥ ማለፉ አይቀርም። ደሙ በዚያች ሰዓት ከተቀዳ በጠና የታመመች ላም ወረቀት ላይ ጤነኛ ትሆናለች።

ያቺን ሰዓት የሚያጋልጣት ስላይድ ነው። የበሰለ ኒውትሮፊል ኒውክለሱ በቀጫጭን ማያያዣ የተቆራረጠ ነው። ጥሬው፣ ባንድ የምንለው፣ ኒውክለሱ ሳይቆራረጥ እንደ ፈረስ ኮቴ ታጥፎ ይታያል። ባንዱ ከበሰለው ከበለጠ መቅኔው ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል ማለት ነውና፣ አጠቃላይ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ጉዳዩ አሳሳቢ ነው። ሳይቶፕላዝሙ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ አረፋ ከያዘ፣ ወይም ዶል ቦዲ የሚባሉት ግራጫ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከታዩበት፣ ሴሉ በጥድፊያ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ቱቦውን የቆጠረ ሰው ይህን ሁሉ አያይም።

ታዲያ ቱቦው እኛ ጋ ሲደርስ ስላይዱን ራሳችሁ ለምን አትሠሩትም ለሚል፦ እንሠራለን፤ ግን ደሙ መንገድ ላይ ያረጃል። በቱቦው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ደሙን እንዳይረጋ ይጠብቀዋል እንጂ ሴሎቹን በሕይወት አያቆይም። ከሰኮሩ ወይም ከአጋሮ በቀትር ሙቀት፣ በሚኒባስ መቀመጫ ሥር ግማሽ ቀን የቆየ ናሙና ኒውትሮፊሉ አብጦ፣ ሳይቶፕላዝሙ ተቦርቡሮ፣ ሌላው የነጭ ሴል ዓይነት፣ ሊምፎሳይቱ፣ ፈራርሶ ይደርሳል። ያ የእርጅና ቀዳዳ ከበሽታ ከመጣው አረፋ ጋር መንታ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ለይቶ የሚምል ሰው የለም። በ4 ዲግሪ የተቀመጠ ደም ለቆጠራ እስከ 24 ሰዓት ያገለግል ይሆናል። ለቅርጽ ግን ደሙ በተቀዳ በደቂቃዎች ውስጥ የተሠራውን ስላይድ የሚተካው የለም። (ቱቦውን በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ጥፋት ነው፤ ደሙ ራሱ በረዶ ከሆነ ይፈርሳል። በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ጠቅልሉት። ይህ ጋዜጣም ከተነበበ በኋላ ለዚያ ይሆናል።)

አቀዳዱ ላይ ብዙ አንቆይም። ከአንገት ደም ሥር፣ በ18 ወይም በ20 ቁጥር መርፌ፣ ቱቦውን እስከ ምልክቱ መሙላት። ለ4 ሚሊ ሊትር በተዘጋጀ ቱቦ 1 ሚሊ ብቻ ከገባበት ኢዲቲኤው ይበዛና ሴሎቹን ያኮማትራል፤ ፒሲቪውም (ቀይ ሴሎቹ ከደሙ የሚይዙት መቶኛ) ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ መገለባበጥ እንጂ መናጥ የለም። የስንዴ ቅንጣት የምታህል የረጋ ደም ከተገኘችበት ያን ቱቦ አንቆጥረውም፤ ነጭ ሴሎቹ እርጋታው ውስጥ ታስረዋልና የሚወጣው ቁጥር የውሸት ዝቅተኛ ነው።

ስላይዱ ላይ ግን እንቆይ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና። አዲስ ስላይድም ቢሆን የፋብሪካ ቅባት ይኖረዋል፤ በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። ጠብታዋ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃታል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ጠብታ በማብዛት ነው፤ ደሙ እስከ ስላይዱ ጫፍ ይደርስና ቀጭኑ ጭራ ሳይገኝ ይቀራል። ሁለተኛውን ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ ወደ ጠብታው ወደ ኋላ አስጠጉት፤ ደሙ በጠርዙ ዳር ለዳር ሲሰራጭ ሳታመነቱ በአንድ ትንፋሽ ወደ ፊት ግፉት። ደሙ የቀጠነ ከሆነ፣ ገንዲ ወይም መዥገር ወለድ በሽታ ያደከመው ከብት ደም እንዲህ ነው፣ ማዕዘኑን ከፍ፣ ግፊቱን ፈጠን አድርጉ፤ አለበለዚያ ስሱ ደም ከጫፍ ያመልጣል። ጥሩ ስላይድ የስላይዱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይዞ፣ እንደ ምላስ ሳስቶ ያልቃል።

ማድረቁ የጅማ ሰው ልዩ ፈተና ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚዘንብበት አገር፣ በሐምሌና በነሐሴ የተቀባ ደም በራሱ እስኪደርቅ ከተጠበቀ ሴሎቹ ይኮማተራሉ፤ ቀይ ሴሎቹም ላይ የሚያብረቀርቁ ክብ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። ጀማሪ አንባቢ እነዚያን ቀዳዳዎች ተሐዋስያን ናቸው ብሎ ሲመዘግብ ይገኛል። መፍትሔው እንደቀባችሁ ወዲያው በደብተር ወይም በካርቶን ማራገብ ነው፤ በአፍ መተንፈስ ግን እርጥበት ይጨምራል። የደረቀውን ለዝንብና ለበረሮ አትተዉት፤ ደሙን ከስላይዱ ላይ ልሰው ይጨርሱታል። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር የተጻፈ ስም ሜታኖል ውስጥ ሲገባ ይታጠባል፤ የማን ላም እንደሆነች የማይታወቅ ስላይድ ደግሞ ብርጭቆ ብቻ ነው።

ሜታኖል ካላችሁ 3 ደቂቃ ነክራችሁ ብትልኩት ይመረጣል። ግን ሜታኖልም እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመ ጠርሙስ ከአየሩ ውሃ ስለሚስብ፣ ያ ውሃ በስላይዱ ላይ ከላይ ያልነውን ቀዳዳ ዓይነት ብልሽት ያመጣል። ከትልቁ ጠርሙስ ለሳምንት የሚበቃችሁን በትንሽ ብልቃጥ ቀድታችሁ ትልቁን አጥብቃችሁ ክደኑት። ማቅለሙን ለእኛ ተዉት። ራሱ ለሚያቀልም ግን፦ አንድ እጅ ጊምሳ ለዘጠኝ እጅ ባፈር፣ 30 ደቂቃ። ለነጭ ሴል ፒኤች 6.8፣ ለደም ተሐዋስያን 7.2 ይመረጣል። ሁሉም ነገር ቀይ ከሆነ አሲድ በዝቷል፤ ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ተቃራኒው ነው። የተበጠበጠ ጊምሳ ለማግስቱ አይቀመጥም፤ ዝቃጩ ቀይ ሴል ላይ ሲያርፍ አናፕላዝማ የሚባለውን የደም ተሐዋሲ ይመስላልና በሌለ በሽታ ከብት ያስወጋል።

አሁን ወደ ቆጠራው። የቱርክ ፈሳሽ 2 ሚሊ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ፣ 1 ሚሊ የ1 በመቶ ጄንሺያን ቫዮሌት፣ ቀሪው እስከ 100 ሚሊ የተጣራ ውሃ ነው። አሲዱ ቀይ ሴሎቹን ያፈርሳል፤ ቀለሙ የነጮቹን ኒውክለስ ያጎላል። 380 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ በ20 ማይክሮ ሊትር ደም 1 ለ20 ይሆናል። ፒፔቱ ውጭው ላይ የተንጠለጠለ ደም ሳይጠረግ ከገባ ቁጥሩ ከዚያው ይዛባል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ኒውባወር ቻምበር የሚባለው ባለ ካሬ መቁጠሪያ ብርጭቆ ይሞላል፤ ሴሎቹ እስኪሰፍሩ ሌላ 2 ደቂቃ። አራቱን የማዕዘን ካሬዎች ቆጥሮ ድምሩን በ50 ማባዛት ነው፤ 140 ከተቆጠረ 7,000። መስመር ላይ የተቀመጡትን ከላይና ከግራ ያሉትን ብቻ እንቆጥራለን፣ ያለበለዚያ አንዱ ሴል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁን እንንገራችሁ። ባለሙያው ምንም ሳይሳሳት 100 ሴል ቢቆጥር፣ በዕድል ብቻ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 በመቶ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ ሰኞ 5,000፣ ረቡዕ 5,800 የተባለች ላም «ነጭ ሴሏ ጨመረ» አይባልም። ቁጥሩ ቆሟል ማለት ይቀላል።

በስላይዱ ላይ ዓይነት በዓይነት ስንቆጥር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይህኛው የእኛው የላቦራቶሪዎች ጥፋት ነው። ውጤቱን በመቶኛ ብቻ እየጻፍን እንሰጣለን። በጤነኛ ላም ሊምፎሳይት ከ45 እስከ 75 በመቶ፣ ኒውትሮፊል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይይዛል። ጠቅላላዋ 3,000 የሆነች ላም ሊምፎሳይቷ 60 በመቶ ቢሆን መቶኛው ምንም አልጎደለውም። ስታባዙት ግን 1,800 ነው፤ ዝቅተኛው ወለል 2,500 ሆኖ ሳለ። መከላከያዋ መመናመኑን የተናገረው ብዜቱ ነው። ከመቶኛው ጎን ብዜቱን የማይጽፍ የውጤት ወረቀት ግማሽ ወረቀት ነው፤ ባለሙያዎች ሆይ፣ መልሳችሁ ጠይቁን።

ሊምፎሳይት ለምን ይመናመናል? አንዱ ምክንያት ቫይረስ ነው። በበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ቫይረሱ በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ ያሉትን ራሳቸውን ሊምፎሳይቶቹን ያጠቃል። ፍየሏን የሚጨርሳት ብዙ ጊዜ ጥበቃው ሲላላ ተከትሎ የሚገባው የሳንባ ባክቴሪያ ነው። ዶሮ ላይ ጉምቦሮ እንዲሁ ነው፤ ቡርሳ የሚባለውን፣ ከፊንጢጣ በላይ የተቀመጠ ትንሽ ከረጢት ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ሌላ ክትባት ሰሚ ያጣል። ቢ ሊምፎሳይት የሚለው ስም «ቢ» ያገኘው ከዚሁ ከዶሮ ቡርሳ ነው፤ የቡርሳው ሥራ የታወቀውም በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዶሮ ላይ በተሠራ ጥናት ነበር። የሰው ሕክምና ከጓሮ ዶሮ ምን ያህል እንደተማረ ለሚንቅ ሰው ይህ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን በሽታ አይደለም። ረጅም መንገድ የተነዳች፣ በገመድ የታገለች ወይም በወለደች ማግስት የተቀዳች ላም ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞኗ ከፍ ስለሚል ኒውትሮፊሏ ይጨምራል፤ ሊምፎሳይቷና ኢዮሲኖፊል የሚባለው ሌላው ነጭ ሴሏ ይወርዳሉ። ዴክሳሜታዞን የተወጋች ላምም ልክ እንደዚያ ናት፤ ለውጡ ለቀናት ይቆያል። በላም ደም ሊምፎሳይት የሚመራው ሰልፍ ተገልብጦ ኒውትሮፊል ሲቀድም ያየ ሰው «ብግነት» ብሎ ቢፈርድ አይደንቅም። ጥጃም ሲወለድ ኒውትሮፊል ይበዛበታል፤ ሊምፎሳይቱ የሚቀድመው እያደገ ሲሄድ ነው። ለዚህ ነው «ላም» ከሚለው ቃል ጋር ዕድሜ፣ የወለደችበት ቀን፣ የተሰጠ መድኃኒትና የተቀዳችበት ሰዓት እንዲጻፍ የምንወተውተው።

ጭንቀትን ከእውነተኛ ብግነት ለመለየት ርካሽ መንገድ አለ፤ ፋይብሪኖጅን የሚባለውን የፕላዝማ ፕሮቲን መለካት። ኮርቲሶል አያነሳውም፣ ብግነት ያነሳዋል። ሁለት ቀጫጭን ካፒላሪ ቱቦ ደም በሴንትሪፊውጅ ይዞራል። የአንዱ ፕላዝማ ፕሮቲን በሪፍራክቶሜትር ይነበባል። ሁለተኛው በ56 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ቆይቶ፣ ዳግመኛ ዞሮ ይነበባል። መጀመሪያው 7.8፣ ሁለተኛው 6.8 ቢሆን ልዩነቱ 1.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ማለትም 1,000 ሚሊ ግራም ነው። ጤነኛ ላም ከ300 እስከ 700 ላይ ናት፤ ሽቦ የዋጠች ላም ከ1,000 ስታልፍ ይታያል። ቴርሞሜትር ሳይያዝ በግምት በሞቀ ውሃ የሚሠራ ከሆነ ግን ባይሠራ ይሻላል፤ ሙቀቱ ከ60 ካለፈ ሌሎች ፕሮቲኖችም ይረጋሉና ልዩነቱ ይጋነናል።

ያው ካፒላሪ ቱቦ ለጊቤ ሸለቆ ከብት ሌላም ሥራ አለው። በ12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ሲዞር ቀዩ ከታች፣ ፕላዝማው ከላይ፣ በመካከላቸው ነጭ ሴሎቹ እንደ ስስ ግራጫ ክር ይቀመጣሉ። የገንዲ ተሐዋሲ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ፒሲቪው መጀመሪያ ይነበባል፤ ከ24 በታች የደም ማነስ ነው። ከዚያ ከክሩ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ቱቦው ተቆርጦ ግራጫው በስላይድ ላይ ይወጣል፤ ሽፋን ተደርጎ በ40 ሌንስ ይታያል። ከገንዲ ተሐዋሲ ዓይነቶች ቪቫክስ መስኩን አቋርጦ ይሮጣል፤ ኮንጎሌንሴ ቀስ ብሎ ይንፈራገጣል፣ ቀይ ሴል ላይም ይጣበቃል። የሚታየው እንቅስቃሴው ስለሆነ ተሐዋሲው በሕይወት መኖር አለበት። ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት ነውና በቱቦ ወደ ጅማ ከመላክ እዚያው ማየት፣ ካልተቻለም የተቀባ ስላይድ መላክ ይሻላል።

የሰው ደም የሚቆጥር ማሽን ያላቸው ቦታዎች የእንስሳ ደም ሲቀበሉ ይጠንቀቁ። የሰው ቀይ ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ሲሰፋ የፍየል ከ4 አይበልጥም፤ ማሽኑ ከፕሌትሌት (ደም ከሚያረጉት ጥቃቅን ቅንጣቶች) ጋር ያምታታዋል። የዶሮ ቀይ ሴል ደግሞ ኒውክለስ ስላለው ማሽኑም የቱርክ ፈሳሹም ነጭ ሴል ነው ብለው ይደምሩታል፤ በመቶ ሺዎች የሚጻፍ የዶሮ ውጤት የሚመጣው ከዚህ ነው። በከባድ የደም ማነስ ጊዜ ከብትም ውሻም ኒውክለስ ያለው ጥሬ ቀይ ሴል ይለቃሉ፤ በ100 ነጭ ሴል 20 እንዲህ ያለ ከታየ፣ 12,000 የተባለው ቁጥር በ100 ተባዝቶ ለ120 ሲካፈል እውነተኛው 10,000 ነው። ይህን ማስተካከያ ያለ ስላይድ የሚሠራው የለም።

ላቦራቶሪ ለራቀው ወተት አምራች አንድ ነገር ብቻ፦ ነጭ ሴል ወተት ውስጥም ይቆጠራል። ከእያንዳንዱ ጡት 2 ሚሊ ወተት፣ እኩል የሲኤምቲ (የግት ብግነት መፈተሻ) ፈሳሽ፣ 10 ሰከንድ ማሽከርከር። ሳሙናው ሴሎቹን ሲያፈርስ ከውስጣቸው የሚወጣው ዲኤንኤ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ፈሳሹ ሲጠፋ 15 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በግማሽ ሊትር ውሃ ይሞከር። እንገር ላይና ልትነጥፍ በቀረበች ላም ላይ ግን አይሠራም፤ ያኔ ሴሉ ያለ በሽታም ይበዛል።

ድንገት ሞቶ ከአፍና ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚወጣ ከብት ካጋጠማችሁ ይህ ሁሉ ይቅር። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ሬሳው አይከፈትም፤ ጓንት አድርጋችሁ ከጆሮ ደም ሥር አንድ ጠብታ በስላይድ ይበቃል፤ ስላይዱ ላይም ጥርጣሬያችሁን ጻፉበት፣ እኛም እጃችንን እንጠብቅ።

ስትጠቀልሉ፦ ሁለት ስላይድ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ወረቀት። ስላይዶቹ እንዳይነካኩ በመካከላቸው የክብሪት እንጨት፣ ዙሪያቸውን ካርቶን። የሥጋ ናሙና በፎርማሊን የምትልኩ ከሆነ ግን ለብቻው በሌላ ሳጥን ይምጣ። ተኑ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ወደ ደሙ ይደርስና ጊምሳው አልይዝ ይላል፤ ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ደብዛዛ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግለት ነገር የለም።

ከእንስሳት ላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ጅማ